ጣሪያው ላይ ያለችው ነጭ ሣጥን

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ ልጋብዝ አስቤ ነበር። ግን የማወራችሁ ነገር ትንሽ ያሳፍረኛል። ሰው ፊቴ ተቀምጦ እያየኝ ባልጨርሰውስ ብዬ ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስተማሪ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ክፍል የሌለኝ ሰዓት ላይ የመምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ፈተና አርማለሁ። ስልኬ ነዘረ። «የወንዶች ሽንት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቬፕ» ይላል። በቃ ይኸው ነው። ስም የለውም፣ ፎቶ የለውም። ቦታና ሰዓት ብቻ።

ቬፕ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ሲሳብ የሚለይ ሴንሰር ሽንት ቤቶቹ ጣሪያ ላይ ከተተከለ ገና ሳምንታት ነው። ነጭ ሣጥን ናት። መልእክቱ ሲመጣ ቅርብ ያለ አስተማሪ መሄድ አለበት ተብለናል። ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ። እስኪርቢቶዬን ጥዬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ብሎኝ ነበር። ሌባ ላይ እንደሚሮጥ ሰው ደሜ ሞቋል።

በሩን ስከፍት አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለው። እጁን ይታጠባል።

«ቦርሳህን አምጣ።»

«ምን አደረግኩ ቲቸር?»

«አምጣ አልኩህ!»

ቦርሳውን መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ዘረገፍኩት። ደብተር፣ ላብ የጠጣ የስፖርት ቲሸርት፣ ውሃ የያዘ ኮዳ፣ አንድ ቆርቆሮ ዲዮዶራንት። ይኼን ጊዜ ሁለት ልጆች ገብተው በሩ ላይ ቆመዋል፣ ያያሉ። ሽንት ቤቱ በሙሉ ዲዮዶራንት ዲዮዶራንት ይሸታል። ልጁ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ መጥቶ ብብቱን ረጭቷል። ጥፋቱ ይኼ ነው።

«እሺ፣ ሂድ» አልኩት። ይቅርታ አላልኩም። ዕቃውን እንኳ አብሬ አልለቀምኩለትም።

የማስተምረው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ኬሚስትሪ! ሌላው ቢሳሳት እኔ መሳሳት አልነበረብኝም። ቬፕ ጭስ አይደለም። የሚቃጠል ነገር የለም። ትንሽ ሽቦ ትግላለች፣ ፈሳሹን ታተነዋለች፣ እንፋሎቱ አየር ሲነካው መልሶ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይለወጣል። ነጭ ሆኖ የምናየው እሱን ነው። ውስጡ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ኒኮቲንና ጣዕም የሚሰጡ ኬሚካሎች አሉ። ጠብታዎቹ አብዛኞቹ ከአንድ ማይክሮን ያንሳሉ። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ነውና እዚያ ላይ ገምቱት።

ሴንሰሩ እነሱን የሚያገኘው በብርሃን ነው። ከሣጥኗ ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ አለች። አየር በእሷ በኩል ሲያልፍ ሌዘር ያርፍበታል። ደቃቅ ነገር ካለ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ የተበተነውን ደግሞ ሌላ መሣሪያ ይቆጥራል። በመስኮት የገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ አቧራ ሲደንስ አይታችሁ የለ? እሱው ነው። ከዚህ ሌላ በቀላሉ የሚተኑ ኬሚካሎችን የሚለካ ክፍል አለው። እርጥበትም ይለካል። እነዚህ ቁጥሮች አንድ ላይ ድንገት ሲዘሉ «ቬፕ» ብሎ ይጽፋል።

ዲዮዶራንትስ? ዲዮዶራንትም በቆርቆሮ ግፊት የሚረጭ ደቃቅ ጠብታ ነው። አልኮል አለው፣ ለግፊቱ ደግሞ ቡቴንና ፕሮፔን። ለሣጥኗ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ሠሪዎቹ እንለየዋለን ይላሉ፣ አንዳንዴም ይለያሉ። ግን ዋናው ነገር ማንቂያው የት ቁጥር ላይ ይጩህ የሚለው ነው። ዝቅ ካደረጋችሁት ሽቶ የረጨ ሁሉ አጫሽ ይሆናል። ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ እጅጌው ውስጥ የሚተነፍሰው ልጅ ያመልጣል። እጅጌ ብቻ አይደለም። ቦርሳ ውስጥ የሚተነፍስ አለ፣ ውሃ እየለቀቀ ሽንት ቤቱ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚተነፍስ አለ፣ ምንም እስከማይወጣው ድረስ ትንፋሹን ይዞ የሚቆይ አለ። አስቡት፣ ሰልጥኖ የሚያጨሰው ያመልጣል፣ የሚያዘው ጀማሪውና ንጹሑ ነው።

እኔ ይኼን ሁሉ አውቃለሁ። ሰሌዳ ላይ ሣል ብትሉኝ እሥላለሁ። ስልኬ «ቬፕ» ሲለኝ ግን አመንኩት። ልጁ ሲነግረኝ አላመንኩም።

እዚህ ላይ ልቁምና ለሣጥኗም ልሟገትላት። ከመተከሏ በፊት የሁለተኛው ፎቅ ሽንት ቤት የአጫሾች ክበብ ሆኖ ነበር። ትንንሾቹ ልጆች ፈርተው አይገቡም። በእረፍት ሰዓት አምስት ስድስት ጎረምሳ በር ላይ ተደግፎ ይቆማል። ካሜራ እዚያ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፣ ደግሞም መቻል የለበትም። አስተማሪ ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ውስጥ አይቆምም። ታዲያ ምን ይደረግ? በተተከለ በመጀመሪያው ወር አንድ ትንሽ ልጅ ኮሪደር ላይ አስቁሞ «ቲቸር፣ አሁን እኮ መግባት ይቻላል» ብሎኛል። ይኼን አልክድም።

ግን ዕቃው ቀላል ዕቃ አይደለም። አንዱ እስከ 1000 ዶላርና ከዚያም በላይ ያወጣል፣ ለያንዳንዱ ሽንት ቤት ነው ታዲያ። በብዛት የተስፋፋው አሜሪካ ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ ብትሉ፣ ከፊሉ ከራሱ ከቬፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጁል የተባለው የቬፕ ኩባንያ ለወጣቶች አስተዋውቋል በሚል ክስ ከ30 ለሚበልጡ ግዛቶች ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከእንዲህ ዓይነት የካሣ ገንዘብ ሴንሰር የገዙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ልጆቹን ያስለመደው ብር ዞሮ ልጆቹን የሚያስይዝ ሣጥን ሆነ። ሰው ለማከም የዋለውንም አልክድም፣ ይኼኛው ግን ያስቀኛል፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው።

ሌላ ደግሞ አለ። ካሜራ ስለሌለው ሰው ተረጋግቶ ይቀበለዋል። ብዙዎቹ ግን ማይክሮፎን አላቸው። ጠብ ተነስቶ ጩኸት ሲበረክት እንዲያውቁ ነው፣ «እርዱኝ» ዓይነት ቃል የሚለዩም አሉ። ንግግር አንቀዳም ይላሉ ሠሪዎቹ። እሺ። እ.ኤ.አ. በ2025 ላስ ቬጋስ በተካሄደው ዴፍ ኮን የተባለ የሀከሮች ጉባኤ ላይ ሁለት ሰዎች ሃሎ የሚባለውን ሴንሰር ሰብረው እንደገቡበት አሳዩ። አንደኛው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። ሣጥኗን ወሬ የምትለቅም ጆሮ አደረጓት። ኩባንያው ቀዳዳውን የሚደፍን ማስተካከያ ሰጠ። ይሁን። ግን ሽንት ቤት ነው እኮ! ሰው ተደብቆ የሚያለቅስበት ቦታ ነው። እኔ በልጅነቴ ያለቀስኩት እዚያ ነው፣ እናንተም ሳትሆኑ አትቀሩም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልጅ ልሂድ። ይኼኛው እውነተኛ አጫሽ ነው። ለአራተኛ ጊዜ ሲያዝ እኔ ነበርኩ ተረኛ። ሴንሰሩ ማን እንደሆነ አይናገርም ብያችኋለሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ካሜራ ግን ማን ስንት ሰዓት እንደገባ ያሳያል፣ ሁለቱን ሰዓት ማስተያየት ነው። ቢሮ አብረን ቁጭ ብለን ምክትል ዳይሬክተሩን እንጠብቃለን። ዝም ብለን እንዳንቀመጥ ያህል ጠየቅኩት።

«ምን ይሁን ነው የምትለው? እንደምትያዝ እያወቅክ?»

«ፈልጌ መሰለህ ቲቸር? ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጭንቅላቴ ይዘጋል። እግሬን ማቆም አልችልም። ሰሌዳው ላይ ያለው አይገባኝም። ገብቼ ሁለቴ ስስብ ሰው እሆናለሁ።»

ጎረምሳ ሲያስመስል አውቃለሁ። ይኼ ማስመሰል አይደለም። ኒኮቲን ደም ውስጥ በሁለት ሰዓት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። «ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ» ያለኝ ለዚያ ነው። የልጁን ፍላጎት በሰዓት መቁጠር ይቻላል ማለት ነው።

ድሮ ይኼ እንዲህ አልነበረም። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን አሁን በምናውቀው መልኩ ቻይና ውስጥ ሆን ሊክ የሚባል ፋርማሲስት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሠራው ራሱ ሲጋራ ለመተው ነበር። መጀመሪያ የወጡት ላይ ኒኮቲን ከበዛ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ሰው ብዙ መሳብ አይችልም። ጁል እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመጣ ግን ኒኮቲኑ ላይ ቤንዞይክ አሲድ ተጨምሮበት ጨው ሆነ። ጨው ሲሆን ይለሰልሳል። ጉሮሮ «በቃህ» ማለቱን ተወ። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ጨው ይሰጣሉ፣ ይኼን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ያ ልጅ ደብተር ላይም ተጽፏል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 በመቶው ቬፕ እንደሚጠቀሙ በጥናት ተገኘ። በ2024 ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 7.8 በመቶ ሆነ። የሴንሰር ሻጮች ይኼን ቁልቁለት ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ግን በመካከሉ ስንት ነገር አለ። የመግዣ ዕድሜ ወደ 21 ከፍ ብሏል፣ ኮቪድ ትምህርት ቤት ዘግቷል፣ ጁል ራሱ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት ነበር። ሣጥኗ ብቻዋን ሠራችው የሚል ካለ እኔ ደፍሬ አልፈርምለትም።

ልጁ ሦስት ቀን ታገደ። ሦስት ቀን ቤት ቁጭ ብሎ ምን የሠራ ይመስላችኋል? ማንም «አይቻልም» በማይለው ቦታ እንደልቡ ሲስብ ከረመ። ሲመለስ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜን ራሱ አልደረሰም። ስብሰባ ላይ ይኼን አነሳሁ። ለሣጥኖቹ የወጣው ገንዘብ ሱስ ለማስተው የሚያግዝ አንድ ሰው ይቀጥር ነበር አልኩ። ጥሩ ሐሳብ ነው ተባለ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጻፈ። ቃለ ጉባኤ ላይ ያልተጻፈ ጥሩ ሐሳብ የለም መቼም።

እኔ ራሴ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ሲጋራ ሞክሬያለሁ። ሽንት ቤት ጀርባ። የያዘኝ አስተማሪ ሴንሰሩ አፍንጫው ነበር። አጠገቤ መጥቶ ቆመ፣ አልጮኸብኝም። «ማነው የሚሰጥህ?» አለኝ። አልነገርኩትም። ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። የኔ ጥያቄ «ቦርሳህን አምጣ» ነበር። ጥያቄም አይደለም።

ወደ ዲዮዶራንቱ ልጅ ልመለስ፣ ስሸሸው የቆየሁት እሱን ነው።

የወላጆች ቀን እናቱ መጣች። ጨዋ ሴት ናት። ስለ ውጤቱ አወራን፣ ጥሩ ነው። ልትነሳ ስትል እንደዋዛ «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እዚህ ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም እንዴ?» አለችኝ።

«አለው። ምነው?»

«ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ሳያወርድ ነው ሽንት ቤት የሚሮጠው። ኮዳውን ጠዋት ሞልቼ እሰጠዋለሁ፣ ማታ እንደሞላ ይመልሰዋል። ውሃ ከጠጣሁ ያመጣብኛል ይላል።»

ያንን ኮዳ አውቀዋለሁ። እኔው ነኝ መታጠቢያው ላይ የዘረገፍኩት። ለእናትየው ግን የመለስኩላት «እከታተለዋለሁ» የሚል ነው። እዩት እንግዲህ! ፊቷ ላይ ሌላ ነገር ማለት አቃተኝ።

በነጋታው ልጁን ከክፍል በኋላ አስቀረሁት። ሁለት ቀን ሙሉ የሚባለውን ሳሰላስል ነበር ብላችሁ አትስቁብኝ፤ አንድ ሌሊት ነው። ግን ሌሊቱ ረዥም ነበር። ቆሜ «ስማ፣ ያን ቀን ሽንት ቤት ውስጥ ስላደረግኩት ነገር ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። ቦርሳህን መበርበር አልነበረብኝም» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። በትሕትና ነው ደግሞ፣ የማስታወስ ግዴታ እንዳለበት ሰው።

«የቱን ቀን ነው ቲቸር?»

«ዲዮዶራንት የረጨህ ቀን።»

«እ...» አለ። እያሰበ ነው። «ማክሰኞ ነው ሐሙስ? እርስዎ የማክሰኞው ነዎት መሰለኝ።»

ስፖርት ያላቸው በሳምንት ሁለት ቀን ነው።