«ዛው» አንቱታ አይደለም

ክቡራትና ክቡራን፣ የትርጉም ሥራ ባልደረቦቼ፤

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ቆዩ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች አተረጓጎም በጠቅላላው ነው። ጊዜው ለሁሉም አይበቃምና አንዲት ቃል ብቻ ይዤ ቀርቤያለሁ፤ «ዛው» (thou)፣ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት የሆነችው የድሮ እንግሊዝኛ ተውላጠ ስም። ከእንግሊዞች መደበኛ የዕለት ንግግር ከወጣች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። እኛ ዘንድ ግን ጥንታዊ ስለሆነች ብቻ የክብር ቃል እየመሰለችን «እርስዎ» ተብላ ትታተማለች። ይህ ስሕተት ነው፤ መቆምም አለበት።

ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት ቋንቋው ለአንድ ሰው አንድ ተውላጠ ስም፣ ለብዙዎች ሌላ፣ ለሁለት ሰዎችም ለብቻው የተለየ ነበረው። የዛሬዋ «ዛው» የአንድ ሰው መጠሪያ ነበረች። ሰውየው ንጉሥ ይሁን እረኛ ለውጥ አልነበረውም። ከድሉ በኋላ ግን የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ፈረንሳይኛ ደግሞ ትልቅ ሰውን በብዙ ቁጥር ይጠራል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንግሊዝኛም ልማዱን ወረሰ፤ የብዙ ቁጥሩ «ዩ» (you) ለጌታ፣ «ዛው» ለአሽከር፣ ለልጅና ለቅርብ ወዳጅ ሆነ። የእኛም «እርስዎ» ግሱን በብዙ ቁጥር ስለሚያስኬድ፣ «ይመጣሉ» ስለምንል፣ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም።

ቃሏ ምን ያህል ስለት እንደነበራት ማየት የሚፈልግ የሰር ዋልተር ራሌይን ችሎት ይመልከት። ጊዜው ኖቬምበር 1603 ነው። ለንደን በወረርሽኝ ስለተያዘች ችሎቱ የተቀመጠው ዊንቸስተር ነበር። ራሌይ የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለሟል የነበረ፣ አንቱ የተባለ ባላባት ነው፤ የተከሰሰው በአዲሱ ንጉሥ በቀዳማዊ ጄምስ ላይ አሢሯል ተብሎ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ ማስረጃው ሳሳ፤ ተከሳሹም ረጋ ብሎ ይመልስለታል። ኮክ ንዴቱ ገንፍሎ እፉኝት ብሎ ሰደበው፤ ቀጥሎም በሙሉ ድምፁ «አዎ፣ አንተ ነው የምልህ፣ አንተ ከሃዲ!» አለው። ልብ በሉ፤ «ዛው»ን እንደ ግስ አርብቶ ነው የተናገረው። «አንተ እልሃለሁ» ማለት ራሱ ስድብ ነበር። ገና ፍርዱ ሳይነገር የሰውየውን ማዕርግ በአደባባይ መግፈፍ ነበር። ራሌይ የሞት ፍርድ ተፈረደበት፣ ዓመታት ታስሮም በ1618 አንገቱ ተቀላ።

እስቲ ይህን «እርስዎ እፉኝት» ብላችሁ ተርጉሙት! ዐቃቤ ሕጉ ያዋረደውን ሰው ተርጓሚው ሊያከብረው ነውን? በየትኛው ሥልጣን?

ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ የሰባኪው ጆርጅ ፎክስ ተከታዮች የሆኑት፣ ኩዌከሮች የተባሉት ክርስቲያኖች ሁሉንም ሰው «ዛው» ማለት ጀመሩ፤ ዳኛውንም፣ መኮንኑንም። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው ብለው ነው። በዚህም ተደበደቡ፣ ታሰሩ። ቃሏ የክብር ብትሆን ኖሮ ማን ይደበድባቸው ነበር?

ታዲያ ክብሩ ከየት መጣ? ከቤተ ክርስቲያን። አዲስ ኪዳንን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ቲንዴል በ1526፣ የ1611ዱ የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም በኋላ፣ «ዛው»ን የተጠቀሙት የአንድን ሰው ቁጥር ለማሳየት ብቻ ነው። እግዚአብሔርም «ዛው» ነው፣ ዲያብሎስም «ዛው» ነው። የዕለት ንግግሩ ቃሏን ሲተዋት በጸሎትና በግጥም ብቻ ቀረችና ጆሮ ሁሉ ቅድስና ሰጣት። በ1952 የወጣው አር ኤስ ቪ (RSV) የተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እትም ለሰው «ዩ» አድርጎ «ዛው»ን ለፈጣሪ ብቻ ማስቀረቱ ስሕተቱን አጸናው።

የቁጥሩ ልዩነት ምን እንደሚያድን ሉቃስ 22፥31 እና 32 ላይ ይታያል። ጌታ ለስምዖን ሲናገር ሰይጣን ሊያበጥር የለመነው ብዙዎቹን ነው፤ የጸለየው ግን ለአንዱ ነው። የ1611ዱ እትም ይህን ለይቶ ያሳያል። የዛሬው እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ዩ» ስለሚል ጽሑፉ ብቻውን አይለይም። የእኛ አማርኛ ግን «ሊያበጥራችሁ» ብሎ «እምነትህ» ይላል። ይህን የመሰለ መሣሪያ በእጃችን እያለ በተሳሳተ አንቱታ ማደንዘዝ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ጽሑፉ የተጻፈበትን ዓመት እዩ፤ ከ1200 በፊት ከሆነ ቁጥር እንጂ ማዕርግ አትፈልጉበት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተውኔት ውስጥ ሰው ከ«ዩ» ወደ «ዛው» ሲዞር ወይ ተቆጥቷል ወይ ልቡ ቀርቧል፤ በዚያው መስመር ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ዙሩ፣ ቀድማችሁም አትዙሩ። ተውላጠ ስሙ ተዘሎ ግሱ ብቻ ከቀረ «አርት»፣ «ሃስት»፣ «ዊልት» የሚሉት የ«ዛው» የግስ ቅርጾች ይጠቁሟችኋል። «ዛው» ጾታ አይለይምና የፍቅር ግጥም ሁሉ «አንቺ» አይደለም፤ ከሼክስፒር 154 ሶኔቶች የመጀመሪያዎቹ 126 ለወጣት ወንድ እንደተጻፉ በአብዛኛው ይታመናል። በሰሜን እንግሊዝ የዮርክሸር ገበሬ በአገሩ ዘዬ «ዛ» ካለም ያው «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው።

አርታኢዎች፣ ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ረቂቅ ካላችሁ «እርስዎ» የሚለውን በሙሉ ፈልጋችሁ ከምንጩ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩልን።

አመሰግናለሁ።