ጉትቻ ያደረገው ጅብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የምትሰሙት ዝናቡ ነው። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማንም አያስቆመውም፣ ስለዚህ አብረን እንስማው።

ጠረጴዛዬ ላይ ሞረድ፣ ፒንሳና የተገመደ ጥቁር ክር አለ። መሃል ላይ ደግሞ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያክል የብር ጅብ ተቀምጧል። የዛሬው ወሬዬ ስለ እሱ ነው።

አዲስ የመጣችሁ ካላችሁ፣ እኔ የእጅ አምባር እሠራለሁ። ክሩን ራሴ እገምዳለሁ፤ ክሩ ላይ ትንንሽ ጌጦች አንጠለጥላለሁ። የቡና ፍሬ፣ የዋርካ ቅጠል፣ አደይ አበባ፣ ዛጎል፣ ጨሌ፣ ቃጭል። ሰው ሲመጣ የእጁን ልክ ከመውሰዴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ "ምን ይዘሽ መዞር ትፈልጊያለሽ?" አንዳንዱ ወዲያው ይመልሳል። አንዳንዱ አስቦበት በሳምንቱ ይመጣል።

ጌጥ ከመቅረጼ በፊት ነገሩን በደንብ ማየት እወዳለሁ። የመስቀል ወፍን ውሰዱ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ሰው "እንደ መስቀል ወፍ" እንለዋለን። መስከረም ላይ ሱሉልታ ሜዳ ብትወጡ ወንዱ ወፍ ቢጫና ጥቁር ለብሶ ሳሩ ላይ ሲዘል ታዩታላችሁ። ከዚያ የጠፋ ይመስለናል። አልጠፋም። ያንን ቀለም የሚለብሰው ለመራቢያው ጊዜ ብቻ ነው። በጋው ሲገባ ቡናማ ላባ ያወጣና እንደ ሴቷ ይሆናል፤ ከድንቢጥ አትለዩትም። ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ነበር፣ እኛ ነን ያላወቅነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የመስቀል ወፍ ጌጤን ባለ ሁለት ፊት አደረግሁት። በአንድ በኩል ቢጫ ነሐስ፣ በሌላው መዳብ።

ወደ ጅቡ ልመለስ።

ከሦስት ወር በፊት አንዲት ልጅ መጣች። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ናት። እጇ ላይ ሰማያዊ የመስታወት ዓይን ያለው አምባር አድርጋለች። እዚያ አካባቢ፣ ቱርክም ግሪክም፣ በየሱቁና በየበሩ ይሰቀላል። ክብ ሰማያዊ፣ ውስጡ ነጭ፣ ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ። ክሩ አልቆ ሊበጠስ ደርሷል።

"ክሩን ቀይሪልኝ" አለችኝ። "ከጎኑ ደግሞ የኛን አድርጊበት።"

"የኛን ምን?"

"ከቡዳ የሚጠብቀውን ነዋ!"

ወረቀት ላይ ጻፍኩት፣ ልኳን ወሰድኩ፣ ሸኘኋት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የኛ የቱ ነው?

መጀመሪያ የመጣልኝ ክታብ ነው። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ያዘጋጀዋል፣ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲሸፍነው። የክርስትና ስሙን ይጽፍበታል። ጸሎቱ መሃል ሥዕል አለ። ቅዱስ ሱስንዮስ ፈረስ ላይ ሆኖ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ሲወጋ። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ መሃሉ ላይ የሰው ፊት ያለው። ዓይኖቹ ደግሞ! ትልልቅ፣ ቀጥ ብለው የሚያዩ፣ ሙሉ ብራናውን የሚሞሉ ዓይኖች። ተጠቅልሎ ቆዳ ውስጥ ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ወሎና ሐረር ሙስሊሙ ሂርዝ ይለዋል፤ የቁርአን አንቀጽ እንዲሁ በቆዳ ተሰፍቶ ይያዛል። ልጅቷ ከቤይሩት ያመጣችው መስታወት ዓይን ነው፣ የኛም ብራና ዓይን ነው። የሚያይን ዓይን መልሶ በሚያይ ዓይን መመለስ እዚያም እዚህም አለ።

ግን እኔ ክታብ አልሠራም። ማተብም አምባር ላይ አላንጠለጥልም። ማተብ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የሚታሰር ነው። ክታብም የአንድ ሰው ስም የተጻፈበት ጸሎት ነው። እነዚህን ቆርጬ ለፋሽን መሸጥ ልቤ አይፈቅድም። ብዙ ሰው ጠይቆኛል፣ ጥሩ ዋጋም ሰጥተውኛል፣ እምቢ ብያለሁ። የዓይኑንና የኮከቡን ቅርጽ እወስዳለሁ፤ ቃሉን ለባለቤቱ እተዋለሁ።

ስለዚህ መምህሬ ጋ ሄድኩ።

መምህሬ ብር ሠሪ ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ቀጥቃጭ ነበሩ። ሰም መቅረጽ፣ ጭቃ መለበጥ፣ ብር ማፍሰስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሥራው እንዲህ ነው። ጌጡን መጀመሪያ በሰም ትቀርጹታላችሁ። ሰሙን በጭቃ ትሸፍኑታላችሁ፣ ጭቃው ይደርቃል። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ቦታው ባዶ ይቀራል። ባዶው ውስጥ ብሩን ታፈሳላችሁ። ብር የሚቀልጠው 961 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ ጭቃውን ትሰብራላችሁ። አንድ ጭቃ አንድ ጌጥ ብቻ ነው የሚወልደው።

መጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስሠራ ጭቃው ውስጥ ርጥበት ቀርቶ ነበር። ብሩን ሳፈስ እንፋሎቱ መልሶ ተፋው። ክንዴ ላይ ጠባሳው እስካሁን አለ። ጋሼ አልተቆጡኝም። አንድ የደረቀና አንድ ያልደረቀ ጭቃ አንስተው ተራ በተራ ጉንጬ ላይ አስነኩኝ። ያልደረቀው ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወዲህ ጉንጬ ላይ ሳላስነካ አፍስሼ አላውቅም።

ብሩ ድሮ ከየት እንደሚመጣ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ከጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ትልቁ ብር። 28 ግራም ይመዝናል፣ ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሩ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከሞተች በኋላም ሲመታ ኖረ። ሙሶሎኒ እንኳን በ1935 ቅርጹን አግኝቶ ሮም ላይ አስመትቷል፣ ቀጥሎ እንግሊዞችም ለንደን ላይ። ይህ ሁሉ እኛ አገርና ቀይ ባሕር ዙሪያ ሰው ጠገራን ስለሚያምን ነው። እናት ጠገራዋን ይዛ ወደ ቀጥቃጩ ትሄዳለች፣ ለሙሽራ አልቦ፣ ለሕፃን ቃጭል ሆኖ ይወጣል።

"ጋሼ፣ ከቡዳ የሚጠብቅ ጌጥ ድሮ ምን ትሠሩ ነበር?" አልኳቸው።

መዶሻውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ቡዳው እኮ እኔ ነኝ" አሉኝ።

ምን እንደምል አላወቅሁም። ነገሩን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን ሰው ቡዳ ይል እንደነበር። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች በብረትና በሸክላ ሥራቸው ይህ ስም እንደተለጠፈባቸው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን የማውቀው ከሩቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አብሬያቸው እየበላሁ፣ እየጠጣሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ከእሳቸው ጋር አላገናኘሁትም።

ልጅ ሆነው ያዩትን ነገሩኝ። ጎረቤት ልጇን አዝላ ትመጣለች። ለልጁ ቃጭል እንዲሠራላት ነው፣ ከክፉ ዓይን እንዲጠብቀው። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ልጁን በነጠላ ትሸፍነዋለች። የእሳቸው አባት እንዳያዩት! ጠገራውን ትሰጣለች፣ ቃጭሉን ትቀበላለች። ውሃ ሲሰጧት አትጠጣም። "ከእጃችን ብሩን ይቀበላሉ" አሉኝ፣ "ውሃውን ግን አይቀበሉም።"

ያን ቀን ብዙ አወሩ። ቀጥቃጭ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል የሚባለውን ነገሩኝ። ማስረጃው ደግሞ ጉትቻ ነው። አዳኝ ጅብ ገደለ፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ አገኘ፣ ባለ ጉትቻው ሰውዬ መንደር ውስጥ ጠፋ። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ሳይቀር ይህንን የጉትቻ ወሬ ጽፎታል። አስቡት እስቲ። ጉትቻ የሚሠራውን ሰው ለመክሰስ የተፈለገው ምስክር የገዛ እጁ ሥራ ነው።

እኔ የማውቀው ሌላ ጅብ ነበር። ሐረር ሄጄ ያየሁት። ጁጎል ግንብ ላይ ጅብ ማታ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ጅብ ጂኒ ይበላል፣ ከተማውን ያጸዳል ይላሉ። በአሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ያቀርቡለታል። ያው እንስሳ ነው። አንዱ ጋ ሰው የሚከሰስበት፣ ሌላው ጋ ሰው የሚጠበቅበት።

ልጅቷ ተመልሳ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ዓይኑን፣ ክታቡን፣ የጋሼን ቃጭል፣ ሁለቱን ጅቦች። አምባሩ ከምንም ይጠብቅሻል ብዬ ቃል እንደማልገባ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦

"እዚያ ቤት የእኔ ሳህንና ብርጭቆ ለብቻው ነበር። ሲታጠብም ለብቻው። ከእጄ የበሰለውን ግን ይበሉ ነበር።"

ትንሽ ቆየችና "ጅቡን አድርጊልኝ" አለች።

ሰሙን ሦስት ጊዜ ቀረጽኩ። የመጀመሪያው ውሻ ሆነ። የጅብ የፊት እግሩ ከኋላው ይረዝማል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ እሱ ካልገባችሁ የምትሠሩት ሁሉ ውሻ ነው። ሁለተኛው ጆሮው ሾለ። የኛ ነጠብጣቡ ጅብ ጆሮው ክብ ነው፤ ሾጣጣ ጆሮ ያለው ባለ መስመሩ ጅብ ነው። ሦስተኛውን ወደድኩት። ጭቃውን አምስት ቀን አደረቅሁት፣ ጉንጬ ላይ አስነካሁት፣ አፈሰስኩ። ስሰብረው ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ትናንት ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ መስኮቱ ጋ ወስደው፣ እያገላበጡ አዩት። እግሩን አዩ፣ ጀርባውን አዩ።

"ጉትቻው የታለ?" አሉኝ።

ተውኩት አልኳቸው። "ለእርስዎ ብዬ ነው" አልኩ። እውነቴን ነበር። ያንን ወሬ እንደገና ብር ላይ መጻፍ ከብዶኝ ነበር።

መልስ አልሰጡኝም። መሳቢያቸውን ከፍተው ቀጭን የብር ሽቦ አወጡ። ጆሮውን በስስ መብሻ በሱት። ሽቦውን አሙቀው፣ አጥፈው፣ አስገብተው ጫፉን በየዱት። ከዚያ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ገና ሞቃት ነበር።

"የማን ሥራ እንደሆነ በምን ይታወቅ?" አሉኝ።

አሁን እፊቴ ነው። በመብራት ሳየው ጉትቻው ከጅቡ በላይ ያበራል። ልጅቷ ቅዳሜ ትመጣለች። ሰማያዊውን ዓይን ከግራ፣ ጅቡን ከቀኝ፣ መሃላቸው ትንሽ ቃጭል አደርጋለሁ። ክሩን ዛሬ ማታ ገምጄ መጨረስ አለብኝ።

ደህና እደሩ።