«ተቀበል» ስንል ስሙን

እንደምን አመሻችሁ! ከደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላ፣ ከሞጣ ድረስ መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የባንዱ ልጆችም ከፊት ተቀምጣችኋል፣ አያችኋለሁ። ዛሬ የተሰበሰብነው ባንዱ ከማሲንቆና ከክራር ወደ ኪቦርድና ወደ ተቀዳ ትራክ ስለመዞሩ ልንነጋገር ነውና እኔም እንደ አንድ አድማጭ የሆዴን ልናገር።

መጀመሪያ አንድ ቀን ላስታውሳችሁ። ዳንግላ አካባቢ የዘመድ ሰርግ ነበር። ዳስ ውስጥ ነን፣ ጠላው ይዞራል። ያኔ እናንተ አምስት ነበራችሁ፤ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና አንድ ዘፋኝ። ማሲንቆ መቺው ጭራውን ዕጣን አስነክቶ ገና አንድ ሁለቴ ሳብ ሳብ ከማድረጉ አጎቴ ከጥግ ተነሱና «ተቀበል!» አሉ። ልጁ ጆሮውን ወደ እሳቸው አዘነበለ። እጁን ሳያቆም ግጥሟን ሰማት፣ ከዚያ በዜማ አድርጎ መለሳት። ወርቁ የገባቸው ቀድመው ሳቁ፤ ያልገባን ጎረቤታችንን ጠየቅን፤ ሳቁ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው እየተላለፈ ዳሱን ዞረው። አጎቴ በዚያች ሁለት ስንኝ ሳምንቱን ሙሉ ሲኮሩ ሰነበቱ።

አምና ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር ትልቅ መድረክ ላይ አየናችሁ። ኪቦርድ፣ ጊታር፣ ድራም፣ የተቀዳ ትራክ። መብራቱ ያምራል። ያንኑ የሰርጉን ዘፈን ስትጀምሩ አጎቴ ከጎኔ ብድግ ብለው «ተቀበል!» አሉ። ማንም አልሰማቸውም። ደገሙት። ዘፋኙ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ አድርጓል፣ ትራኩ ይሄዳል፣ እሱም ከትራኩ ጋር ይሄዳል። አጎቴ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ያን ምሽት አንጀቴ ተላወሰ።

ከዚያ ወዲህ የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ባጃጅ ውስጥ፣ ጠጅ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ወሬው እናንተ ናችሁ። «ሸጡን» የሚል አለ። «ለገንዘብ ነው» የሚል አለ። ሌላው ደግሞ ይቆጣል፤ «እናንተ ስለወደዳችሁት ዕድሜ ልካቸውን ዳስ ውስጥ ይቅሩ እንዴ?» ይላል። የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። ማሲንቆ ሲመታ ቻናል ትቀይር የነበረች ልጅ አሁን አዲሱን ዘፈናችሁን ከጓደኞቿ ጋር ትከሻዋን እየሰበቀች ትጨፍርበታለች፣ በቀደም ደግሞ ከኪቦርዱ መሃል ዋሽንቱ ብቅ ሲል «ይሄ የምንድን ነው ድምፁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ማቃለል አልችልም።

«ከዱን» ለምትሉ ወገኖቼ አንድ ነገር ልበል። ቦብ ዲላን የሚባለው አሜሪካዊ በአንድ ተራ ጊታርና በሃርሞኒካ ሲዘፍን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ወጣ። ጮኹበት። በዓመቱ እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ ሲጫወት አንድ አድማጭ ከአዳራሹ መሃል «ይሁዳ!» አለው። ይሁዳ! ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ለጎጃም ሰው መንገር አያሻኝም። ግን እኮ ሰው የማይወደውን ይሁዳ አይለውም። ያ ሰውዬ ልቡ ተሰብሮ ነው። ደግሞ ብዙ የማይነሳ ነገር አለ፤ ዲላን በዚያ ምሽት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻውን፣ ያለ ባንድ ነበር የተጫወተው። ሰውን ያስቆጣው ከእረፍት በኋላ የመጣው ነው።

በእኛም አገር ቢሆን መሣሪያ ሲቀየር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በሳክስፎንና በትራምፔት ተጫወቷቸው፣ ጥላሁን ገሠሠ ዘፈነባቸው፣ ቅኝቶቹ አልሞቱም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን አንድ መድረክ ላይ ሲያሰልፍ ያም አዲስ ነገር ነበር። በደርግ ዘመን የእኛው ግሽ ዓባይ ኪነት የገጠሩን ጭፈራ መድረክ ላይ ሲያወጣው ያም ለውጥ ነው። ስለዚህ ከኪቦርዱ ጋር ጠብ የለኝም። እርግጥ ነው፣ የማሲንቆ መቺ ጣት በአንዲቷ ጭራ ላይ እየተንሸራተተ ድምፁን ይፈልጋል፣ ኪቦርድ ግን የተሰፈረለትን ነው የሚሰጠው፤ ጆሮዬ ይህን ያውቀዋል። ቢሆንም እለምደዋለሁ።

ለምን እንደቀየራችሁም ጠይቄያለሁ። ዋሽንት ነፊው ነው የነገረኝ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሰርግ የለም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ባለ ሰርጉ «ለአምስት ሰው ከምከፍል አንድ ባለ ኪቦርድ ይበቃኛል» ይላል። ይህን ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። ታናሽ ወንድሜን ስንድር ባለ ኪቦርዱን የጠራሁት እኔ ነኝ። «ባህላችን ተሸጠ» ስንል የከረምን ሰዎች የእናንተን እንጀራ የምንጋግረው እኛ እንደሆንን ረስተናል።

ታዲያ ምንድን ነው የጎደለው? እኔ ብዙ አሰብኩበት፣ ዞሮ ዞሮ የሚመጣብኝ የአጎቴ ፊት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። እንደ ዋሸራና ዲማ ያሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶችን ያፈራ አገር። የእኛ አድማጭ ሊያጨበጭብ ብቻ አይመጣም፣ ግጥም ቋጥሮ ነው የሚመጣው። ዘፈኑ ግማሹ የእሱ ነው። ትራኩ ሲመጣ የተወሰደበት ይህ ነው። ሰው ይህን በቃል ማስረዳት ሲያቅተው «ክራሩን መልሱ» ይላል። ክራሩንማ መለሳችሁት፤ በመጨረሻው ዘፈን ላይ ክራር አለ፣ ሰው ግን እንደተቀየመ ነው። ክራሩም ቢሆን በትራኩ ላይ የተቀዳ ነዋ! ማንንም አይጠብቅም።

ጥያቄዬ ይህች ናት። በየኮንሰርቱ አንድ ዘፈን፣ አንድ ብቻ፣ ትራኩን አጥፉት። ኪቦርዱም ከፈለገ በቀስታ ይከተል። ማዳመጫውን ከጆሯችሁ አውጡና አንድ ማይክ ወደ ሕዝቡ ይውረድ። ግጥሙ ይበላሽ ይሆናል፣ አንዱ ሞቅ ያለው የማይሆን ነገር ይናገር ይሆናል፤ ዳስ ውስጥም እንዲሁ ነበር፣ ማሲንቆ መቺው እያለሳለሰ ያልፈው ነበር። እናንተ አድማጮች ደግሞ ግጥም ይዛችሁ ኑ። ከፋሲካ በኋላ ልጅ የምትድሩም አምስቱንም ጥሯቸው። እኔም ቀኑ ደርሶ የእህቴን ልጅ ስድር እጠራቸዋለሁ፣ ቃሌ ነው።

አጎቴ ዛሬ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው አልመጡም። ግን ባዶ እጄን አላኩኝም፣ በቃሌ አስይዘውኛል። ማሲንቆህ ከወንበርህ ሥር አለ፣ ስገባ አይቼዋለሁ። አንሳው እስኪ ወንድሜ። ተቀበል፦

ጓደኞቼ ሁሉ በዘፈን ከበሩ፣
እኔ ብቻ ቀረሁ ስጠብቅ ከበሩ።