የታመመች ድመት ብትጣልም በሽታው አብሯት አይሄድም

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጎንደር ነው የማወራችሁ። ርዕሴ ድመት ነው።

ሰሞኑን ስለ ብራዚል ሳነብ ከረምኩ። ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ስፖሮትሪኮሲስ የሚባል የፈንገስ በሽታ የከተማውን ድመት እየፈጀ ነው። በሽታው ድሮም ነበረ፣ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው በፈረንጆቹ 1898 ነው። ፈንገሱ አፈርና የበሰበሰ እንጨት ላይ ስለሚኖር እሾህ የወጋውን አትክልተኛ ነበር የሚይዘው። የብራዚሉ ዝርያ ግን ድመትን ተላመደ። በጭረትና በንክሻ ከድመት ወደ ድመት፣ ከድመት ወደ ሰው ይሄዳል። አርጀንቲናና ፓራጓይ ገብቷል። ከብራዚል በሄደች ድመት ምክንያት እንግሊዝ ውስጥ ሰው ታሟል።

ድመቷ አፍንጫዋ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ታስነጥሳለች። ፊቷና የፊት እግሯ ላይ አልድን የሚል ቁስል ይወጣል። ሰው ላይ ደግሞ የተቧጨረው ቦታ እብጠት ያወጣና ክንድ ክንዱን ይዞ በተርታ ወደ ላይ ይወጣል።

መድኃኒት አለው፣ ኢትራኮናዞል ይባላል። በየቀኑ ከምግብ ጋር፣ ለወራት ነው የሚሰጠው፤ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ እንኳ ቢያንስ አንድ ወር መቀጠል አለበት። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ቁስሉ ሲደርቅ ባለቤቱ ዳነች ብሎ ያቆማል፣ ያገረሻል፣ ብር ያልቃል፣ ሰው ይሰለቻል፣ መጨረሻ ላይ ድመቷ ውጭ ትጣላለች። ውጭ ያለች የታመመች ድመት ደግሞ ከሌሎች ድመቶች ጋር ትደባደባለች፣ ትቧጭራለች። የሞተችውን ጓሮ ሲቀብሯት ፈንገሱ አፈር ውስጥ ይቆያል። ለዚህ ነው እዚያ ያሉ ሐኪሞች ሬሳዋ ይቃጠል የሚሉት። የታመመችውን ቤት ዘግታችሁ አክሙ፣ በጓንት ያዙ፣ ወንዱንም አኮላሹት ይላሉ፤ የተኮላሸ ድመት ብዙ አይዞርም፣ ብዙም አይጣላም።

እኔን የከነከነኝ ይሄ መጣል የሚባለው ነገር ነው። እኛ ጋ ድመት የምትኖረው ለአይጥ ነው። ቀን እኛ ቤት ናት፣ ማታ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ የሷ ነው። ስትታመም ማዳበሪያ ውስጥ ትከተትና ቀሃ ወንዝ ማዶ ትጣላለች። የጋሪ ፈረስ እንኳ ስንት ዓመት አገልግሎ ሲቆስል አስፋልት ዳር ይለቀቃል። ይሄ ያመኛል፣ እውነት።

ጎረቤታችን አንዲት እናት አሉ። ግልገሏ ድመታቸው ከጆሮዋ ጀርባ ጸጉሯ ክብ ሆኖ ረግፎ አመድ የመሰለ ቅርፊት አውጥታ ነበር። የልጅ ልጃቸውም ክንዱ ላይ ያው ክብ ነገር ወጣበት፣ መሃሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው ቀይ። ይሄ የብራዚሉ አይደለም፣ እኛ ጭርት የምንለው ነው። ግን እሱም ፈንገስ ነው፣ እሱም ከድመት ይመጣል።

«ልጄ፣ ዛሬ ማታ አስወስጄ ላስጥላት ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ እሷ ብትሄድም ጭርቱ እኮ እዚሁ ቤት ነው ያለው» አልኳቸው።

እውነቴን ነው። የረገፈው ጸጉር ላይ ያለው ፈንገስ ምንጣፍና ፍራሽ ላይ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ድመቷን ጥለው ሌላ ቢያመጡ አዲሷም ከዚያው ፍራሽ ትይዛለች። የተጣለችውም ማዶ ያሉትን ልጆች ታስይዛለች። ተስማሙ። ልጁ ጤና ጣቢያ ሄዶ ቅባት ታዘዘለት። ግልገሏ የእንስሳት ሐኪም አያት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። ጨርቁ ታጠበ፣ ወለሉ በየጊዜው ተጠርጎ በረኪና ነካው። ሥራው አድካሚ ነው፣ አልዋሻችሁም፤ ግን በሽታውን የሚያቆመው እሱ ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ከተማው ከነሱ ጋር ሆኖ የድመት ማኮላሻ ቀን ቢያዘጋጅ እኔ በበኩሌ የሰፈሬን ድመቶች ሰብስቤ እመጣለሁ።

እስከዚያው ግን ድመት ከቧጨረቻችሁ ወይ ከነከሰቻችሁ ቶሎ በውሃና በሳሙና ደህና አድርጋችሁ እጠቡት፣ ለ15 ደቂቃ ያህል። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይመጣልና። ቁስሉ ሰንብቶ አልድን ካለ ደግሞ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፣ የቧጨረችኝ ድመት ናት በሉት።