ፒዮኒ ደሴ ላይ ያብባል ወይ?

እንደምን ዋላችሁ፣ የደሴና የኮምቦልቻ አበባ ወዳጆች! እናቶች፣ አባቶች፣ ችግኝ የምታፈሉ ወጣቶች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፒዮኒ ነው። በስልካችሁ ሳታዩት አትቀሩም፤ ሙሽሮች የሚይዙት ያ ትልቅ፣ ቅጠሉ የተደራረበ አበባ። ቻይናውያን ከሺህ ዓመት በላይ ተንከባክበውታል። ቦታው ከተመቸው 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። አያት የተከለውን የልጅ ልጅ ይቀጥፈዋል።

ታዲያ እዚህ ያብባል ወይ? ቁርጡን ልንገራችሁ። ፒዮኒ ብርድ ይፈልጋል። ግንዱ ደርቆ፣ ሥሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ፣ ረጅም ቅዝቃዜ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ያወጣል። እንደ ዝርያው ከ5 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ይጠይቃል። የኮምቦልቻ ሰዎች፣ እናንተ ይቅርባችሁ። ገንዘባችሁን ለጽጌረዳ አውሉት። ደሴ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ችግሩ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ትወጣና ብርዱን ታባርረዋለች። ስለዚህ ደሴ ላይ ሙከራ ነው፣ ቃል አልገባላችሁም። ከደሴ ከፍ ብሎ ብርዱ የሚጠናበት ጉጉፍቱ ዘመድ ያለው ሰው ግን እዚያ ቢሞክር የተሻለ ተስፋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ለመሞከር የቆረጠ ሰው ፌስቲቫ ማክሲማን ይፈልግ። እ.ኤ.አ. በ1851 የወጣ የፈረንሳይ ዝርያ ነው። ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለው። ብርዳቸው ቀለል ባለ አገሮችም ያብባል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጥልቀቱ። ሥሩን ስትይዙት ሹል፣ ቀላ ያሉ ዓይኖች ታያላችሁ። ዓይኖቹ ወደ ላይ ይሁኑ። ብርድ በበዛበት አገር ከላያቸው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ይለብሳሉ። እኛ ጋ 2 ይበቃል፣ ብርዱ እንዲደርሳቸው። እጃችን ጠለቅ አድርጎ መቅበር ለምዷል። ፒዮኒን አጥልቃችሁ ከቀበራችሁት ግን ለምልሞ ለምልሞ አበባውን ይነሳችኋል።

የምትተክሉት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ ውርጩ ሳይመጣ ነው። ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ስጡት። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ጭቃችን ላይ ከተኛ ሥሩ ይበሰብሳል፤ መደቡን ከፍ አድርጉት። ከአሸንዳ ሥር በጭራሽ እንዳትተክሉት! ያልበሰለ ፍግም ሥሩን አይንካው።

ከዚያ ተዉት። በመጀመሪያው ዓመት ካላበበ አብሽሩ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል። እየነቀላችሁ ቦታ አትቀያይሩት። እምቡጡ ላይ ጉንዳን ብታዩም ፍሊት አትርጩ። ጣፋጩን ፈሳሽ ሊልስ ነው የመጣው፣ አበባውን አይጎዳውም። የሚያሰጋው ግራጫ ሻጋታ ነው። የጠቆረ እምቡጥ ካያችሁ ቆርጣችሁ ከጓሮው አውጡት።

ሥሩን ከውጭ የምታስመጡ ደግሞ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሻንጣ ተደብቆ የገባ ሥር የጎረቤታችሁን ጓሮ ጭምር ሊበክል ይችላል።

ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ።