መጀመሪያ የሌላውን ስጋት

እንኳን ደህና መጣችሁ! ከጀሞ፣ ከአየር ጤና፣ ከመገናኛ ታክሲ ተጋፍታችሁ እዚህ አራት ኪሎ ድረስ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የዛሬው ዋና አጀንዳ የወርሃዊ መዋጮ ጭማሪ ነው። ክርክሩ እንደሚሞቅ አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ ማሳመን ጥቂት ልበል።

ብዙዎቻችን ማሳመን ማለት አፈ ጮሌነት ይመስለናል። እኔ አይመስለኝም። ሰው የሚቀበለን ስጋቱን ከልብ እንደሰማንለት ሲያውቅ ነው።

አምባሳደር አካባቢ ሙሉ ልብስ የሚሸጥ አንድ ልጅ አለ። ደንበኛው ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም፣ ልጁ ትከሻውን ዳበስ ያደርግና «ጋሼ፣ ይሄ አልሆነዎትም፤ ወጥሮ ይዞዎታል፣ ልብስ ሰፊ ጋ ቢወስዱትም አይስተካከልም» ብሎ አስወልቆ ይሰቅለዋል። ከዚያ በኋላ ስለሚያወጣው ኮት የሚናገረውን ሁሉ ሰውየው ያምነዋል። ለምን ቢባል፣ ገበያ የሚያሳጣውን እውነት አስቀድሞ ነግሮታላ! አርስቶትልም ከ2300 ዓመት በፊት ከማስረጃውና ከአድማጩ ስሜት ጎን የተናጋሪውን ማንነት የማሳመኛ መንገድ አድርጎ አስቀምጧል፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚበረታው እሱ ሳይሆን አይቀርም ብሏል።

ትልቁን ምሳሌ ግን ከዚህ ቁልቁል ወርዳችሁ አፍሪካ አዳራሽ ታገኙታላችሁ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች እዚያ ሲሰበሰቡ ሁለት ጎራ ነበር። ከካዛብላንካው ወገን የጋናው መሪ ንክሩማ አህጉሩ አሁኑኑ አንድ ይሁን ይሉ ነበር፤ የሞንሮቪያው ወገን ደግሞ ገና በእጃችን የገባውን ነጻነት አሳልፈን አንሰጥም፣ ቀስ እንበል ይል ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ ሁለቱን ለማቀራረብ ብዙ ደከሙ። ግንቦት 17 የተፈረመው ቻርተር ውስጥ የሁለቱም ጉዳይ አለ። አህጉሩን የሚያሰባስብ ድርጅት ቆመ፣ የየአገሩ ሉዓላዊነትም ተጠበቀ። የፈለገውን ሁሉ ያገኘ የለም። ንክሩማም ፈረሙ።

እና ዛሬ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጭማሪውን የምትደግፉ፣ የጡረተኛ አባሎቻችንን ጭንቀት መጀመሪያ በራሳችሁ አፍ ተናገሩት፤ የቤት ኪራይና ዘይት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ተጨማሪ መቶ ብር ምን ማለት እንደሆነ ንገሩን። የምትቃወሙም፣ ለታመመ አባል የምንሰጠው ድጋፍ የመድኃኒት ዋጋ እንኳ አልሸፍን ማለቱን አንሱልን። ተከራካሪያችሁ «አዎ፣ እንደሱ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ የራሳችሁን አታምጡ። ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ።

እጅ ላወጣ ሁሉ ዕድል እሰጣለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል። ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን ያቀርቡልናል፤ ይምጡ።