ለእቁብ የሚሮጥ እግር ለዱቤ ለምን ይከብደዋል?

እንደምን ዋላችሁ፣ የደብረ ማርቆስ ሰዎች፤ ከቡሬም ከደጀንም ድረስ የመጣችሁ ነጋዴዎች፣ እናንተም ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች።

የጥሪው ወረቀት ላይ «ማኅበረሰብ፣ አእምሮ፣ ባህልና ንግድ በምሁራን ዓይን» ይላል። ሳነበው ደነገጥኩ። አራት ዲፓርትመንት በሃያ ደቂቃ ጨርስ ማለት እኮ ነው። ስለዚህ ስላይዱን ትቼ አንድ ደብተር ብቻ ይዤ መጣሁ። ይቺውና። የእናቴ የዱቤ ደብተር ናት።

ሽፋኗ ከተገነጠለ ቆይቷል፤ በሳሙና ካርቶን ተሰፍታለች። ዘይት ጠጥታ ጠርዟ ቢጫ ሆኗል። ውስጧ የመዝገብ ስም የለም፤ «የወፍጮ ቤቱ»፣ «ረጅሙ መምህር»፣ «የላይ ሰፈሯ ሙሽራ» ነው የሚለው። ከጎኑ 2 ኪሎ ስኳር፣ 1 ሳሙና፣ ግማሽ ሊትር ዘይት። የተከፈለው በቀይ እስክሪፕቶ ይሰረዛል። ቀዩን ለመፈለግ ግን ብዙ ገጽ ማገላበጥ አለባችሁ።

ያደግኩት ቡሬ፣ በዚያች ሱቅ ውስጥ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ እቁብ ይጣላል። እናቴ ጸሐፊ ናት። ዕጣ አውጪው እኔ ነበርኩ፤ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ እጄን ሰድጄ የተጠቀለለች ወረቀት አወጣለሁ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ከማስታውሳቸው አንዱ፣ ሁላችንም «አያ» የምንላቸው ጎረቤት፣ ዝናብም ይዝነብ ጭቃም ይሁን ከሁሉ ቀድመው ነበር የሚደርሱት። ብራቸውን ቆጥረው፣ አጣጥፈው፣ ደግመው ቆጥረው ይጥላሉ። አንድ እሑድ አሟቸው እንኳ በልጃቸው ልከዋል።

እኚሁ ሰው ከሱቃችን የወሰዱትን ስኳር ሦስት ወር ሙሉ አልከፈሉም።

ያው ሰው፣ ያው ኪስ፣ ያው ግቢ። ለእቁብ ይሮጣሉ፤ ለዱቤ በሌላ መንገድ ዞረው ያልፋሉ። በልጅነቴ «ውሸታም ናቸው» ብዬ ደምድሜ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ብዙ ካነበብኩ በኋላ ነው ድምዳሜዬ የልጅ መሆኑ የገባኝ።

እስቲ ከእቁቡ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1962 ክሊፎርድ ጊርትዝ የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት እቁብን የሚመስሉ ማኅበሮች በእስያም በአፍሪካም እንዳሉ ጽፎ ነበር። እሱ ያያቸው እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ነበር፤ ባንክ ሲስፋፋ ይጠፋሉ ብሎ ነው ያሰበው። ይኸው ባንክ በየመንገዱ ተከፈተ፣ እቁቡም አለ። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሦስት የኢኮኖሚክስ ሰዎች፣ ቤዝሊ፣ ኮትና ላውሪ፣ ነገሩን በሒሳብ አዩት። በቀላሉ ላስቀምጠው። 10 ሰዎች እያንዳንዳቸው በወር 1,000 ብር ይቆጥባሉ እንበል፤ ሁሉም የሚፈልጉት የ10,000 ብር የልብስ ስፌት መኪና ነው። ለየብቻ ቢያጠራቅሙ ሁሉም መኪናውን የሚያገኙት በ10ኛው ወር ነው። እቁብ ቢገቡ አንዱ በመጀመሪያው ወር ይሰፋል፣ ሌላው በሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። መጨረሻ የወጣለት ሰው እንኳ ለብቻው ቢሆን ከሚያገኝበት ቀን አልዘገየም። ዘጠኙ ተጠቀሙ፣ አሥረኛው አልተጎዳም። ወለድ የሚባል ነገር የለም።

ሒሳቡ ግን የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ወር 10,000 ብር የወሰደው ሰው ለምን ተመልሶ ይመጣል? ዋስ አለበት፣ እሺ። ዳኛም አለ። ከዋሱም ከዳኛውም በላይ ግን «ምን ይሉኛል» አለ። ይሉኝታ። ቤትህን አስይዝ የሚለው ባንክ ነው፤ እቁብ የሚያስይዝህ ፊትህን ነው።

እዚህ ላይ ጎጃምን ላምጣ። አለን ሆበን የሚባል አንትሮፖሎጂስት ደጋ ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ የርስትን ነገር አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል፤ ባለ ርስት ነኝ የሚል ሰው የትውልድ ሐረጉን እስከ ዋናው አባት ድረስ ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ካርታ የለ፣ ማኅተም የለ። ማስረጃው ሰው ነው፤ ተቀምጦ የሚሰማ፣ «እውነት ነው» ወይም «ዋሸህ» የሚል ሰው። መንግሥት በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያመጣ የጎጃም ገበሬ ለምን እንደተነሣ አባቶቻችሁ ነግረዋችኋል። ሹማምንቱ የሚያስቡት ስለ ገቢ ነው፤ ገበሬው ግን መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ሊሄድበት እንደሆነ ነበር የታየው። ካኔማንና ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ሰዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ያንገበግበዋል። ካኔማን በ2002 እ.ኤ.አ. ኖቤል ሲወስድ ሽልማቱ የኢኮኖሚክስ ነበር፣ የሥነ ልቦና ሰው ሆኖ ሳለ። እኛ ጋ ሳይኮሎጂና ማኔጅመንት በአንድ ግቢ ተምረው ሰላም እንኳ አይባባሉም። (ሳቁ፣ ግን እውነት ነው።)

ወደ ደብተሯ ልመለስ። እቁብ ምስክር አለው። ቀን አለው፣ ልክ አለው፣ ዳኛ አለው። ካልመጣህ የምታፍረው አንተ ነህ። ዱቤ ግን ሁለት ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው፤ «ጻፊብኝ» ብሎ ይወጣል፣ መቼ እንደሚከፍል አልተባለም። ከዚያ ይሉኝታው ዞሮ አበዳሪው ላይ ይወድቃል! እናቴ በገዛ ስኳሯ አፍራ አያን ባየች ቁጥር ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ብድር የሰጠ ሰው የሚደበቅበት ንግድ እንዴት ነው ካፒታል የሚይዘው?

በዚህ ከተማ ስንት ሱቅ እንደዚህ ተዘጋ። ባለሱቆቹ ሒሳብ ስለማያውቁ አይደለም። እቁቡን ያቆመው ያው ይሉኝታ ሱቁን ስለበላው ነው። ሰዉ ተለወጠ፣ መተማመን ጠፋ የሚለው ወሬ ለእኔ አይዋጥልኝም። ሰዉ ያው ነው፤ የተለየው አሠራሩ ነው።

ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር የጋራ ውኃ፣ ግጦሽና ደን በገዛ ደንባቸው የሚያስተዳድሩ ሰዎችን አጥንታ በ2009 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልማለች። ደንቡ ከቆየባቸው ቦታዎች ያየችው፦ ማን አባል እንደሆነ ይታወቃል፣ የሚከታተል አለ፣ ቅጣቱ ከትንሽ ጀምሮ ያድጋል። ይህን አንብቤ በደስታ ወደ ቡሬ ሄድኩና «እማዬ፣ የተበዳሪዎቹን ስም ሱቁ በር ላይ እንለጥፍ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ትምህርትህ ሰው ማዋረድ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቅጣት ከትንሽ ይጀምራል የሚለውን እኔ አንብቤው ነበር፣ የገባት ግን እሷ ናት።

የራሷን ዘዴ አመጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱቤ የወሰደ ሰው በገዛ እጁ እንዲጽፍ አደረገች፤ የሚከፍልበትንም ቀን ጭምር። መጻፍ የማይችል ከሆነ ትምህርት ቤት የገባ ልጁ መጥቶ ይጽፍለታል። ልጁ ምስክር ሆነ ማለት ነው። ማንም አልተዋረደም፣ ግን ቤት ውስጥ አንድ የሚያውቅ ሰው አለ። ሁሉም ከፈለ አልላችሁም። አያ ግን ልጃቸው በጻፈላቸው በሁለተኛው ሳምንት ከፈሉ፤ እናቴም ወደ ጓዳ መግባቷን ተወች።

አሁን እቁቡም እየተለወጠ ነው። ብሩ በቴሌብር ይገባል፣ ሰው አይገናኝም፣ ቡናው ቀረ። ፊት ለፊት ሳይተያዩ ይሉኝታ ምን ያህል ይይዛል? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ ተማሪዎች ይህን ውሰዱልኝ። ማኔጅመንቱም ሶሲዮሎጂውም አንድ ላይ ሆናችሁ ሥሩት፤ ለየብቻ አይሆንም።

ደብተሯን ለዛሬ ስትሰጠኝ እናቴ አንድ ገጽ አጥፋ ነበር። መንገድ ላይ ገልጬ አየሁት። «ተማሪው» ይላል፤ 1 ሳሙና፣ 2 እስክሪፕቶ፣ የባሕር ዳር መሳፈሪያ። በእጄ የተጻፈ ነው፣ ቀይ መስመር አልነካውም።